ለማክ ነፃ ሶፍትዌር፦ ሊብሬኦፊስ ያዋጣል?
ደብረ ብርሃን ላይ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ስለዚህ ማኬ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ነው የምፈልገው። ሊብሬኦፊስ የሚባለው የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ አካውንት ክፈት አይልም፣ የዎርድና የኤክሴል ፋይልም ይከፍታል። ችግሩ ከዊንዶውስ በኒያላ ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ሲመጣ ነው፤ ፎንቱ ማኩ ላይ ከሌለ በሌላ ይተካዋል፣ መስመሩ ይገፋል፣ ፊርማው ለብቻው ሁለተኛ ገጽ ላይ ቁጭ ይላል። የፕሮግራሙ መልክም ያው የድሮ ነው። አፕል ራሱ በነፃ የሚሰጠው የጽሑፍ ፕሮግራም፣ ፔጅስ፣ ያምራል፣ ግን ሰው የሚልክላችሁ ዎርድ ነው፣ ሁልጊዜ ኤክስፖርት ማድረግ ይሰለቻል።

መስኮቶችን ስክሪኑ ላይ የሚደረድረውን ሬክታንግልን ግን ዝም ብላችሁ ጫኑት። እሱም ነፃ ነው። ኮንትሮልና ኦፕሽን ይዛችሁ የግራ ቀስቱን ስትነኩ መስኮቱ ግማሽ ስክሪን ይይዛል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የማክ ሲስተም፣ ሴኮያ፣ ተመሳሳይ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ማካችሁ አሮጌ ከሆነ ግን ሬክታንግል ግድ ነው።