የ12 ሳምንት የሳይክሎክሮስ ዝግጅት በርቀት አሠልጣኝ፦ ከአንድ ሙሉ የውድድር ወቅት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

በስልክ መተግበሪያ የልምምድ መርሐ ግብር የሚልክና በሳምንት አንድ ጊዜ በቪዲዮ የሚያነጋግር የሳይክሎክሮስ (በጭቃ፣ በአሸዋና በመሰናክሎች ላይ በአጭር ዙር የሚደረግ የብስክሌት ውድድር) አሠልጣኝ አገልግሎት በወር 75 ዩሮ እየከፈልኩ ለ12 ሳምንታት ተጠቅሜያለሁ። ይህን ግምገማ ለመጻፍ የውድድሩ ወቅት እስኪያልቅ የቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ የዝግጅት ልምምድ የሚመዘነው በነሐሴ በሚሰማን ብርታት ሳይሆን በታኅሣሥ ጭቃ ውስጥ ነውና።

ከዚያ በፊት ለአራት ዓመታት የተዘጋጀሁት ለጎዳና ብስክሌት በሚደረገው መንገድ ነበር። የምኖረው ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ በመሆኑ ከሐምሌ ጀምሮ በስኸልደ ወንዝ ዳር በሳምንት 11 ሰዓት ያህል፣ ፍጥነቴን ሳልለዋውጥ ረጅም መንገድ እጋልብ ነበር። ጽናቴ ማደጉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ መስከረም ላይ ውድድር ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከፊተኞቹ እነጠልና ከዚያ በኋላ አልደርስባቸውም ነበር። ምክንያቱ ከስፖርቱ ጠባይ የሚመነጭ ነው። አንዱ ዙር ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ተወዳዳሪው በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ በየኩርባው ፍሬን ይይዛል፣ ከኩርባው ሲወጣ በሙሉ ኃይሉ ይረግጣል፣ መንገድ ላይ የቆመ የሳንቃ መሰናክል ሲደርስ ከብስክሌቱ ይወርዳል፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ ዳገት ይሮጣል፣ እንደገና ይወጣል። የልብ ምቱም ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ከጣሪያው ብዙም አይርቅም። እኩል ፍጥነት ብቻ የለመደ እግር እንዲህ ላለው መቆራረጥ አይሆንም።

አሠልጣኙ በመጀመሪያው ሳምንት የ20 ደቂቃ የአቅም ፈተና ካስፈተነኝ በኋላ ያደረገው ነገር ሰዓቴን ከ11 ወደ 7 መቀነስ ነበር። ያኔ ለመቀበል ከብዶኝ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሯጮች ዳገትና ፋርትሌክ (ፍጥነትን እየለዋወጡ መሮጥ) እያፈራረቁ ሲሠሩ እያየሁ ያደግሁ ሰው ስሆን፣ ለብስክሌት ግን ኪሎ ሜትር ማብዛት ይበቃል የሚል እምነት ለምን እንደያዝኩ አሁንም ይገርመኛል።

የመርሐ ግብሩ ዋና ምሰሶ የማክሰኞው ኢንተርቫል ነው። 30 ሰከንድ በብርቱ ይረገጣል፣ 15 ሰከንድ ቀለል ይደረጋል፤ ይህ 13 ጊዜ ከተደገመ በኋላ 3 ደቂቃ እረፍት ተወስዶ በጠቅላላው ሦስት ዙር ይሠራል። አሠራሩ አሠልጣኙ የፈጠረው አይደለም። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቤንት ሮነስታድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት በዚህ መንገድ የሠለጠኑ ብስክሌተኞች ባለ 5 ደቂቃ ኢንተርቫል ከሠሩት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ለሳይክሎክሮስ የሚስማማበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ 15 ሰከንዷ ትንፋሽን ሙሉ በሙሉ ስለማትመልስ አካል በከፍተኛ ጫና ላይ ይቆያል፣ እያንዳንዱ አዲስ 30 ሰከንድ ደግሞ ከኩርባ እንደመውጣት ነው። በአራተኛው ሳምንት ሦስተኛውን ዙር ኃይሌ ሳይወርድ መጨረስ ችያለሁ።

ሐሙስ የመነሻ ልምምድ ነበር፤ አንድ እግር መሬት ላይ አድርጎ ከቆሙበት 20 ሰከንድ በሙሉ ኃይል መውጣት፣ ከዚያም ሳያርፉ አምስት ደቂቃ በጠንካራ ፍጥነት መቀጠል። መንገዱ ከመነሻው በኋላ ወዲያው ስለሚጠብ፣ በመጀመሪያው ኩርባ ወደኋላ የቀረ ሰው ለማለፍ የሚያወጣው ጉልበት ብዙ ነው። ቅዳሜ ደግሞ በውድድሩ ደንብ ከፍተኛ ልክ፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት ሳንቃዎች ከእንጨት ሠርቼ በመናፈሻ ውስጥ መውረድና መውጣትን ተለማመድኩ። የላክሁትን ቪዲዮ አሠልጣኙ እያቆመ ይመለከትና ቀኝ እግሬ ዘግይቶ እንደሚወርድ፣ እጄም የብስክሌቱን አካል ቀድሞ እንደማይዝ ያሳየኝ ነበር። ከከፈልኩት ገንዘብ በእርግጠኝነት ዋጋውን ያገኘሁት በዚህ ነው፤ ኢንተርቫሉን ማንም ሰው ብቻውን ሊሠራው ይችላል፣ የራስን ስሕተት ግን ያለ ሌላ ሰው ዓይን ማየት አስቸጋሪ ነው።

ጉድለቶቹን መደበቅ አይገባም። ሩጫ ፈጽሞ ያልለመድኩ መሆኔን በመጠይቁ ላይ ጽፌ እያለ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት የዳገት ሩጫዎች ተሰጡኝ፤ የባቴ ጡንቻ ታመመና ዘጠኝ ቀን ከልምምድ ቀረሁ። መልእክት ልኬ መልስ ያገኘሁት ከአራት ቀን በኋላ ነበር፤ ለተጎዳ ሰው ይህ እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። አሸዋም ተዘንግቷል ማለት ይቻላል። በኮክሳይደና በዞንሆቨን ውድድሮች አሸዋ አሸናፊውን በሚወስንበት በፍላንደርስ (በሰሜን ቤልጅየም) ምድር፣ መርሐ ግብሩ ስለ አሸዋ የያዘው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። በፍጥነት ገብቶ መርገጥን አለማቆም፣ ዓይንን አርቆ መጣልና መሪውን አለማጥበቅ እንደሚያስፈልግ የተማርኩት አብረውኝ ከሚወዳደሩ ሰዎች ነው።

በአንጻሩ ስለ ጎማ የተሰጠኝ ምክር ትንሽ ቢመስልም ጥቅሙ ታላቅ ነበር። ደንቡ ለዋና ተወዳዳሪዎች የሚፈቅደው እስከ 33 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ ስለሆነ፣ መሬት መቆንጠጥ የሚገኘው በአብዛኛው ከአየር ግፊት ነው። እኔ 68 ኪሎ ስመዝን 2.2 ባር እነፋ ነበር፤ ለጭቃ ወደ 1.5 ባር ስወርድ ቀድሞ ወርጄ የምገፋባቸውን ኩርባዎች መጋለብ ቻልኩ።

ውጤቱን በቁጥር ብናገር፣ ባለፈው ወቅት ከ30ኛ የተሻለ ደረጃ አግኝቼ የማላውቅ ሰው በዚህ ወቅት በኅዳር 17ኛ ሆኜ ጨርሻለሁ፤ ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የመጨረሻው ዙር ሰዓቴ ከሁለተኛው ዙር በ12 ሰከንድ ብቻ መዘግየቱ ነው።

መሠረታዊ ጽናት ላለውና በሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ ለሌለው ሠራተኛ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ገና ብስክሌት ለጀመረ ሰው ግን ኢንተርቫሎቹ ከባድ ስለሆኑ አይመከርም። እኔም በመጪው ሐምሌ መጨረሻ ለስምንት ሳምንታት እመዘገባለሁ፤ ከመክፈሌ በፊት ግን ሩጫው በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም በ10 ደቂቃ እንዲጀመር፣ ለመልእክቴም በሁለት ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠኝ በጽሑፍ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።