ቲቪው ሰማያዊ ሲሆን፦ የተበላሸውን መብራት ብቻ ወይስ ሙሉውን መቀየር?

«ቲቪዬ የሰው ፊት ሰማያዊ አደረገብኝ፣ ላስጠግነው ወይስ አዲስ ልግዛ?» ጓደኞቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ወዲያው የሚከተለው «ስንት ይፈጃል?» ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ከስክሪኑ ጀርባ የሚያበራውን የኋላ መብራት ሙሉ በሙሉ ቀይሩት፣ ግን በኮፒ፣ ማለትም ኦሪጅናል ባልሆነ ዕቃ፣ አይደለም።

መጀመሪያ በሽታው ይለይ። ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የቲቪውን የራሱን ሜኑ ክፈቱ። ሜኑው ነጭ ሆኖ ምስሉ ብቻ ከተበላሸ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሪሲቨሩ ወይም የገመዱ ነው፤ ገመድ መቀየር ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል። ሜኑውም ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከመሰለ፣ በተለይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ካለው፣ የኋላ መብራቱ ነው። ምስሉ እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ ከተገለበጠ ወይም ቀጥ ያሉ መስመሮች ከታዩበት ግን ጥፋቱ የኋላ መብራቱ አይደለምና መብራት እንዳትገዙ። የድሮው ባለ ትልቅ ሆድ ቲቪ ጉዳይ ሌላ ነው፦ ጥግ ላይ ቀለም የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት ነው። ስፒከሩን አርቁለት፣ አጥፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ካቀዘቀዛችሁት በኋላ አብሩት።

የኋላ መብራቱ አምፖሎች ኤልኢዲ ናቸው፤ ነጭ የምንለው ኤልኢዲ ደግሞ ቺፑ ሰማያዊ ነው። ነጭ የሚያስመስለው ላዩ ላይ ያለው ፎስፈር የሚባል ቢጫ ሽፋን ነው። ፎስፈሩን ሙቀት ሲጎዳው ሰማያዊው ገኖ ይወጣል። ቀለሙን ከሜኑ ማስተካከል ምስሉን ያጨልመው እንደሆን እንጂ አያድነውም።

አሁን ወደ ዋጋው። የተበላሹትን ብቻ ማስቀየር ርካሽ ይመስላል። ግን የእጅ ዋጋውን አስቡት! አንድ አምፖል ቢቀየርም ሁሉም ቢቀየሩ ቲቪው ያው መፈታት አለበት። የቀሩት አምፖሎች እኩል ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ተራቸውን ነው የሚጠብቁት። ሌላው ሲበላሽ እንደገና የእጅ ትከፍላላችሁ። አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ሲበሩም ነጭነታቸው አይመሳሰልም። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ፓነሉ (የስክሪኑ መስታወት) በተነሳ ቁጥር ያለው አደጋ ነው። ጠርዙ ላይ ካሉት ስስ ሪባኖች (ጠፍጣፋ ገመዶች) አንዱ ከተቀደደ ቲቪው አበቃለት። ፓነል መግዛት አዲስ ቲቪ ከመግዛት ብዙም አይለይም፤ እኔ አልመክርም።

ሙሉውን ስንቀይር ፈተናው ኮፒው ነው። ለእኔ ቲቪ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ስትሪፕ (አምፖሎቹ የተደረደሩበት ረጅም ሰሌዳ) ሲሰካ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ድምፁ አለ፣ ምስል የለም። አምፖሎቹ ባለ 6 ቮልት ነበሩ፣ የቲቪው ደግሞ ባለ 3 ቮልት። መብራቱን የሚመግበው ቦርድ ከሚችለው በላይ ቮልቴጅ ሲጠየቅ ራሱን ለመጠበቅ መብራቱን ይዘጋል። ሻጩ መልሶ አልተቀበለኝም፤ እስካሁን ያናድደኛል። ቮልቱ ልክ የሆነ ኮፒም አለ። ግን ሰሌዳው ስስ ስለሆነ ሙቀቱን በደንብ አያስወጣም፣ ቶሎ ሰማያዊ ይሆናል። በየአምፖሉ ላይ ያለው ሌንስም በደንብ ያልተጣበቀ ከሆነ ይወልቅና ስክሪኑ ላይ ደማቅ ክብ ነጥብ ይታያል።

ስለዚህ በቲቪው ሞዴል ስም ብቻ አትግዙ። ያው ሞዴል የተለያየ ፓነል ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቲቪው ይፈታ፣ ስትሪፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይነበብ፣ የአምፖሉ ብዛትና ቮልቱ ይታይ፣ ከዚያ ይገዛ። ብዙም ሳይሠራበት መስታወቱ ከተሰበረ ሌላ ተመሳሳይ ቲቪ ውስጥ የወጣ ኦሪጅናል ስትሪፕ ካገኛችሁ ከአዲስ ኮፒ እሱን አስቀድሙ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ይቀንሳል።

የዕቃውና የእጁ ዋጋ ተደምሮ ከተመሳሳይ አዲስ ቲቪ ሲሶ እስካልበለጠ ድረስ አሠሩት። ግማሽ ከደረሰ አዲስ ግዙ።

የተፈታው ቲቪ ተመልሶ ከመገጠሙ በፊት ባለሙያው መብራቱን ለጥቂት ሰዓት አብርቶ ያቆየው። ቤት ስትወስዱትም ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ባክላይት የሚለውን (የኋላ መብራቱን) ከ100 ወደ 60 ገደማ አውርዱት። ብራይትነስ የሚለውን አትንኩ። በብዙ ቲቪዎች እሱ የሚቀይረው የምስሉን ጥቁረት ነው፤ አምፖሉ እንደ ጋለ ይቀራል።