ቀዩ ነጥብ የት ነው ያለው? ፈርምስን 3 በጋ ከተጠቀምኩበት በኋላ

በበጋ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ የምከፍተው ፈርምስን ነው። የናሳ የእሳት ካርታ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር። ሳተላይት ካለፈ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ በየትኛውም የዓለም ክፍል ያየውን ቃጠሎ በቀይ ነጥብ ያሳያችኋል። ክፍያ የለውም። ሥራዬ ደንና የሣር መሬት መጠበቅ ነው። ስለ ኮምፒውተር ብዙ አላውቅም፤ አመድ ግን አውቃለሁ።

ጥፋቴን ላስቀድም። በመጀመሪያው በጋ አንድ ጠዋት ቀይ ነጥብ በደኑ ጫፍ ላይ ብቅ አለ። ቁጥሩን ጂፒኤስ ላይ አስገባሁና ሁለት ባልደረቦቼን ይዤ አንድ ሰዓት ተኩል ቁልቁለት ወረድን። ቦታው ላይ ስንደርስ ያገኘነው እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ምንም ያልነካው ሣር ነበር። አንዱ ጎንበስ ብሎ መሬቱን በመዳፉ ዳሰሰና «እሳትህ ቀዝቅዟል» አለኝ። አፈርኩ። ልንመለስ ስንል ጭስ ሸተተን። ቃጠሎው ከጉብታው ጀርባ ነበር፤ 200 ሜትር ቢርቅ ነው።

ካርታው አልዋሸኝም። ማብራሪያውን ሳላነብ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ቪርስ የሚባለው የሳተላይት መሣሪያ መሬትን የሚያየው 375 ሜትር በ375 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው። አንዱ ካሬ ብቻ 14 ሄክታር ገደማ ይሆናል። እሳቱ ከካሬው ጥግ ላይ ቢሆንም ነጥቡ የሚቀመጠው መሃል ላይ ነው። የቆየው ሞዲስ ደግሞ ካሬው 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በእሱ ነጥብ ሰው ከመላካችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።

ታዲያ ይህን ያህል ሰፊ ካሬ ትንሽ እሳት እንዴት ይይዛል? የሚነድ ነገር በመካከለኛው ኢንፍራሬድ (ዓይናችን በማያየው የሙቀት ብርሃን) ከዙሪያው መሬት እጅግ አብልጦ ስለሚያበራ ነው። የካሬውን ጥቂት ክፍል ብቻ የያዘ ነበልባል ሙሉውን ካሬ ከጎረቤቶቹ ለይቶ ያደምቀዋል። በዚሁ ምክንያት ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ወይም የፋብሪካ እሳትም አልፎ አልፎ ነጥብ ሆኖ ይመጣል። ነጥቡን ስትነኩት የእርግጠኝነቱን ደረጃ ይነግራችኋል። «ዝቅተኛ» ካለ እኔ መጀመሪያ ስልክ እደውላለሁ፣ ከዚያ ነው የምሄደው።

ትልቁ ክፍተት ሰዓቱ ላይ ነው። ቪርስን የተሸከሙት ሳተላይቶች የሚያልፉት በየቦታው ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተነስቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠፋ የሣር እሳት ለእነሱ አልነደደም። (ሣር የሚያቃጥሉት ሰዎች ይህን አውቀው ይሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ኋላ ስጠይቅ ለካ ነፋሱ ጋብ የሚለው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው።) ወፍራም ደመና ካለም ምንም አይታይም።

ይህን ክፍተት የምሞላው ሴንቲኔል 2 በሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል ነው። እሱ እሳቱን አያሳድድም፤ ጠባሳውን ነው የሚያሳየው። ሰማዩ ከጠራ በ5 ቀን አንዴ ምስል ይገኛል፣ ካሬው ደግሞ 10 ሜትር ነው። አንድ ቀን ፈርምስ አንዲት ነጥብ ያላሳየበት ሸለቆ ውስጥ ምላስ የሚመስል ጥቁር መስመር አየሁ። ሄደን ስናይ እውነትም ከሥሩ ነዶ ነበር።

ግን ፈርምስን የወደድኩት ለዕለት እሳት ብቻ ብዬ አይደለም። የድሮው መዝገብ አለ። ሞዲስ እ.ኤ.አ. ከ2000፣ ቪርስ ከ2012 ጀምሮ ያዩት ሁሉ ይወርዳል። እኛ የእሳት መከላከያ መስመር በየዓመቱ የምንጠርገው በሰሜን በኩል ነበር። ለምን ሲባል፣ ድሮም እዚያ ስለሚጠረግ። የዓመታቱን ነጥቦች አንድ ካርታ ላይ ስደራርባቸው ሰሜኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የተከመሩት በምዕራብ፣ በእግር መንገዱ ግራና ቀኝ። ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ብዙ መናገር አላስፈለገኝም፤ ግማሹ የጠረጋ ሥራ ወደ ምዕራብ ዞረ። ለ2 ወር ስከራከርበት የከረምኩት ነገር ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለሰዓቱ ነው።

ለመጠቀም ያሰባችሁ ካላችሁ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ከካርታው ይልቅ የኢሜይሉ ማሳወቂያ ይሻላችኋል። የቦታችሁን ወሰን ስላችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ነጥብ ሲመጣ ይልክላችኋል። ስትስሉ ግን ከደናችሁ ጠርዝ ሰፋ አድርጋችሁ ሳሉ። እኔ ልክ በወሰናችን ላይ ስዬው፣ ከጎረቤት መሬት የተነሳው እሳት መልእክት የላከልኝ እኛ ዘንድ ከገባ በኋላ ነበር።