ፓወር ክላስ 3፣ 2 ወይስ 1.5? ስልክና ራውተር ለሚገዛ ሰው

መጀመሪያ የሚያምታታውን ነገር እናጥራ። ፓወር ክላስ ማለት ስልኩ ወይም ራውተሩ ወደ ታወሩ ሲልክ ሊጠቀምበት የሚችለው የከፍተኛ ኃይል ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚልክበት ጉልበት ይጨምራል። ለምን በግልባጩ እንደቆጠሩት እኔም አይገባኝም።

ክላስ 3 መደበኛው ነው፤ 23 ዲቢኤም (የመላኪያ ኃይል መለኪያ ነው)፣ ማለትም 0.2 ዋት ገደማ። አብዛኛው የ4ጂና የ5ጂ ስልክ የሚሠራው በዚህ ነው። ክላስ 2 ወደ 26 ዲቢኤም ከፍ ይላል፣ 0.4 ዋት። ክላስ 1.5 ደግሞ 29 ዲቢኤም ነው፣ 0.8 ዋት፤ እዚህ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት አንቴና አብረው እየላኩ ነው። 3 ዲቢ በተጨመረ ቁጥር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፣ ርቀቱ ግን እጥፍ አይሆንም፤ ሻጭ ርቀቱም እጥፍ ይሆናል ካላችሁ አትስሙት።

ልዩነቱ የሚታየው ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ላይ፣ እሱም በአፕሎድ ነው። ስልኩ ላይ የምታዩት ሲግናል ስልኩ ታወሩን ምን ያህል እንደሚሰማው ነው የሚነግራችሁ። ታወሩ ስልካችሁን ይስማው አይስማው አይነግራችሁም። ሲግናሉ አለ፣ ግን እናንተ የምታወሩት እዚያ ማዶ ይቆራረጣል፣ ፎቶ አልሄድ ይላል፤ ክላስ 2 የሚያግዘው እንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ታወር አጠገብ ከሆናችሁ ኔትወርኩ ራሱ ስልኩን ኃይል እንዲቀንስ ስለሚያዘው ሦስቱም ያው ናቸው።

አሁን ማሻሻጫው ላይ የማይጻፈው። አንደኛ፣ ክላስ የሚሰጠው ለባንድ (ኔትወርኩ ለሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ክልል) እንጂ ለስልኩ በሙሉ አይደለም። በ5ጂ ባንዶቹ በኤን41፣ በኤን77 ወይም በኤን78 ክላስ 2 የሆነው ስልክ በዝቅተኞቹ ባንዶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያው ክላስ 3 ነው። ኦፕሬተራችሁ እነዚያን ባንዶች ካልተጠቀመ ወይም ያን ያህል ኃይል ካልፈቀደ የከፈላችሁበት ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ በእነዚህ ባንዶች የቴክኒክ መስፈርቱ መሣሪያው ከክላሱ ኃይል እስከ 3 ዲቢ ዝቅ እንዲል ይፈቅዳል። ስለዚህ ደካማ ክላስ 2 ከጥሩ ክላስ 3 ላይበልጥ ይችላል! ሦስተኛ፣ ሰውነት ላይ ለሚያርፈው ጨረር ወሰን ስላለ፣ የክላስ 2 ስልክ ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ እንዲልክ ሲታዘዝ ወደ ክላስ 3 ሊወርድ ይችላል። ባትሪና ሙቀቱንም አትርሱ።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ለስልክ ክላስ 3 ይበቃል። ክላስ 2 በምትጠቀሙበት ባንድ ከመጣ እሰየው፣ ለእሱ ብላችሁ ግን ብዙ አትጨምሩ። ከታወር ርቆ ለሚቀመጥ ራውተር ነገሩ ይለያል፤ ከኮረንቲ ስለሚሠራ የባትሪ ጭንቀት የለበትም፣ ከሰውም ራቅ ብሎ ይቀመጣል። እዚያ ክላስ 2ን ወይም 1.5ን ፈልጉ። የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ክላስ 3 እና መሰኪያ የሌለው ክላስ 2 ቀርበውልኝ ምረጥ ብባል ግን መሰኪያ ያለውን ነው የምወስደው፤ ጥሩ አንቴና ለመላኩም ለመቀበሉም ያግዛል፣ ክላስ ግን ለመላኩ ብቻ ነው።