ያላዩትን ፊልም የሸለሙኝ ሰዎች

ንዴቴ ገና አልበረደም። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

አጭር ፊልም ሠርታችሁ ፊልምፍሪዌይ (ፊልም ለፌስቲቫሎች የሚላክበት ድረ ገጽ) ላይ አካውንት የከፈታችሁ ሁሉ እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ገና ፕሮፋይላችሁን ሳትጨርሱ ኢሜይል ይልካሉ። «ሥራህን አገኘነው፣ ለእኛ ፌስቲቫል የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ከመመዝገቢያው 30 በመቶ ቅናሽ ይኸውልህ።» ስማቸው ውስጥ የአንድ ትልቅ የአውሮፓ ከተማ ስም አለ። «ኢንተርናሽናል» አለ። የሽልማት ዘርፉ ከ40 በላይ ነው። ምርጥ አጭር ፊልም፣ ምርጥ የመጀመሪያ አጭር ፊልም፣ ምርጥ የአፍሪካ አጭር ፊልም፣ ምርጥ ፖስተር፣ ምርጥ ገና ያልተቀረጸ ስክሪፕት። ፌስቲቫሉ ደግሞ በየወሩ ነው። በየወሩ! ትልቁ የፈረንሳዩ ካን ፌስቲቫል እንኳ በዓመት አንዴ ነው።

ይህን ሁሉ አይቻለሁ። አይቼም ገባሁ።

ለምን እንደገባሁ ልናገር። እኛ ጋ «ኢንተርናሽናል» የምትለው ቃል ጉልበት አላት። ኃይሌ ገሪማ በፈረንጆቹ 2009 ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካውን ፊልም ፌስቲቫል የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ሲያሸንፍ ተማሪ ነበርኩ። በ2015 አንድ የኢትዮጵያ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ካን ላይ በይፋ ሲመረጥ ደግሞ እኔ ሰርግ እየቀረጽኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተመኘሁም። ሎሬል የሚሏት፣ ፌስቲቫል የመረጠው ፊልም ፖስተር ላይ የምትለጠፈው ያቺ የቅጠል ጉንጉን ፖስተሬ ላይ ቁጭ ትበል፣ በቃ።

ፊልሜ 17 ደቂቃ ነው፤ ስለ አንድ የታክሲ ረዳት። በሰባት ቀን ነው የጨረስነው፣ በውሰት ካሜራ። ሚኒባሱን የሰጠን ሰውዬ የቀን ገቢውን አስልቶ ነው ያከራየን፤ ዝናብ ጥሎ ሥራ የፈታንበትን ቀን ሳይቀር። ተዋናዮቹ በነፃ ነው የሠሩት። ምሳ ብቻ ነበር የማበላቸው፣ እሱም ሽሮ።

ሦስት ዘርፍ ላይ ሰብሚት አደረግኩ። ከቅናሹ በኋላ አንዱ 45 ዶላር፣ ሲደመር 135። ዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ በሷ ካርድ ከፈለችልኝ። ሌሊት ሌሊት የምትሠራ ልጅ ናት። «ስምህ ይጠራልን እንጂ ምን አላት» አለችኝ። ይቺ ነገር ናት አሁን እንቅልፍ የምትነሳኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኢሜይል መጣ። ምርጥ ሲኒማቶግራፊ! ከሥር የዳኞች አስተያየት አለ። ሦስት መስመር ነው፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። በተለይ አንዱን፦ «የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ያለው ሙዚቃ ልባችንን ነካው።»

አሁን ልብ በሉልኝ። የፊልሜ መጨረሻ ላይ ሙዚቃ የለም። ለሦስት ደቂቃ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ ምን አልኩ? «ዝናቡን ሙዚቃ አሉት፣ እንዴት ያሉ ባለቅኔዎች ናቸው!» አልኩ። በእናቴ እምላለሁ እንዲህ ነው ያልኩት። ለካሜራማኑም ደውዬ ነግሬዋለሁ።

ከዚያማ ሆይ ሆይታ ሆነ። ሎሬሉን ፖስተሩ ላይ ለጥፌ ፌስቡክ ላይ ጣልኩት። እማዬ እልል አለች፣ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። አጎቴ «እኔ ድሮም ብያለሁ» አለ። አላለም፤ ሰርግ ቀረጻ ይሻልሃል ነበር የሚለኝ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ዋንጫው 180፣ ሰርተፊኬቱ 35፣ መላኪያው 49 ዶላር። ሽልማት እንዴት ይገዛል አትበሉኝ፤ እኔም ያኔ አላልኩም። ለቪዛ የግብዣ ደብዳቤ የሚጨመርበት የጋላ እራትም ነበራቸው። እሱን ተውኩት። ብልጥ ሆኜ ሳይሆን የሸንገን ቀጠሮ እስካገኝ ዋንጫው ይዝጋል ብዬ ነው። በድምሩ 399 ዶላር ሄደ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይሄ ስንት ብር እንደሆነ ራሳችሁ ምቱት። የአክስቴን ልጅ እስካሁን ግማሹን ነው የመለስኩላት።

ወደ ማክሰኞ ልምጣ።

ከኤዲተራችን ጋር መገናኛ አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ፊልሙን ለደቡብ አፍሪካው የደርባን ፌስቲቫል እያዘጋጀን ነው። ላፕቶፑ የሱ ነው፣ ፊልሙን የጫንንበት የቪዲዮ ድረ ገጽ፣ የቪሜዮ አካውንቱም የሱ። ልጁ ጠንቃቃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፌስቲቫል ፊልሙን ለብቻው ጭኖ የተለየ ሊንክና የተለየ የይለፍ ቃል ያወጣል። እኔ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ ነው።

«ይሄን ሊንክ ለማን ነው የሰጠኸው?» አለኝ።

«ለሸለሙኝ።»

ዝም አለ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ቆየ።

«አላዩትም እኮ» አለ።

ሳቅሁ። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ስንት ጊዜ እንደታየ የሚያሳየው ቦታ ላይ አንድ ክብ ዜሮ ተቀምጣለች። አጀማመሩ ሰልችቷቸው የዘጉት አይደለም። ግማሽ አይተው የተዉትም አይደለም። ጭራሽ አልከፈቱትም።

«ቪሜዮ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩት።

ሪፍሬሽ አደረገው። ዜሮ።

«ፊልምፍሪዌይ ላይ አይተውት ይሆናላ።»

«እዚያ መች ፋይል ጫንን? ሊንክና የይለፍ ቃል ብቻ ነው የሰጠናቸው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ያቺ «ሙዚቃ» ጆሮዬ ላይ የጮኸችው። ፊቴን ሲያቃጥለኝ ይሰማኛል። አስተናጋጇ «ሌላ ምን ልጨምር?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ኤዲተራችን ሊያረጋግጥልኝ ብሎ ያንኑ ሊንክ በስልኩ ከፈተና እስከ መጨረሻው አጫወተው። ማታ ገብተን ስናይ ቁጥሩ 1 ሆኗል። የተሸላሚው ፊልሜ ብቸኛ ተመልካች ራሱ ኤዲት ያደረገው ልጅ ነው ማለት ነው።

የዚያን ቀን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ኢሜይል ስጽፍ አመሸሁ። አልተሳደብኩም። ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ አያያዝኩና «ያላያችሁትን ምን ብላችሁ ሸለማችሁ? ብሬን መልሱ» አልኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ። «ውድ ፊልም ሠሪ» ይላል፤ ስሜ የለም። ቀጥሎ የተጻፈው የፊልም ርዕስ የኔ አይደለም፣ የማን እንደሆነም አላውቅም። ዳኞቻችን ፊልም የሚገመግሙበት መንገድ ሚስጥር ነው ይላል። ክፍያ አይመለስም ይላል። ከዚያ ይቺን ጨመሩበት፦ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ፊልም ሠሪዎች የዓለም አቀፍ ፌስቲቫልን አሠራር ስለማያውቁት አንዳንዴ እንዲህ ግር ይላቸዋል።

ግር ይላቸዋል! ሌባው ነው እኔን የሚያስተምረኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ውድድር የ20 በመቶ ቅናሽ ኮድ ልከውልኛል።

ከብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መጥፎ ፊልም ነው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አይተውታል ማለት ነው። ረዳቱን ሆኖ የሠራው ልጅ ዝናብ እየመታው የሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ 14 ጊዜ ነው የደገመው። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቢከፍተው ምናለበት?

ክፍያ ስላለ ብቻ ሁሉንም ሌባ አትበሉ፤ እንደ አሜሪካው ሰንዳንስ ያሉ ትልልቅ ፌስቲቫሎችም ያስከፍላሉ፣ ባትመረጡም አይመልሱም። ግን የትኛው ሲኒማ ቤት፣ በስንት ሰዓት እንደሚያሳዩ ያልጻፈ ፌስቲቫል ካያችሁ እለፉት። ዋንጫ የሚሸጥ ከሆነ ጭራሽ አትቅረቡት። ለአጭር ፊልም ለኦስካር የሚያበቁትን ፌስቲቫሎች ዝርዝር ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ራሱ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፣ በነፃ ነው። ሊንካችሁንም ለያዩ፤ «ተመረጥክ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። እኔ ይቺን ለማየት አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ።

ብሩ እንዲመለስ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሆነን ባንኳን እያነጋገርን ነው። ተስፋ ያለው አይመስልም፤ ሰዎቹ እቃውን ልከናል ብለው ማስረጃ አስገብተዋል።

ልከዋልም። ትናንት ፖስታ ቤት ደርሷል ተብሎ ተደወለልኝ፤ ቀረጥ ከፍለህ ውሰድ ነው የሚሉት። ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። ቡፌው ላይ የነበሩትን ብርጭቆዎች አንስታ መሀሉን ባዶ አድርጋዋለች። ዛሬ ጠዋትም «መቼ ነው የምታመጣው?» አለችኝ።