ወደ ፍጥሞ ደሴት በአመላላሽ ጀልባ

ባለፈው ሐምሌ አቴንስ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ለእናታችንና ለእኔ የአራት ቀን የመርከብ ጉዞ ከፍላልን ነበር። ከደብረ ብርሃን ለተነሳነው ለእኛ የጉዞው ቁም ነገር ምግቡም መዋኛውም ሳይሆን፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የምንደርስባት ፍጥሞ፣ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት ነበረች። ከተመለስን ወዲህ የማኅበር ጽዋ በጠጣን ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ዮሐንስ ራእዩን አየበት ስለሚባለው ዋሻ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምናገረው ከመርከቡ ወደ የብስ ስላወረደን የጀልባ አገልግሎት ነው፤ ዋሻው ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደምንቆም የወሰነልን እርሱ ነውና።

ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ስካላ ከተባለው ወደብ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥለው ይቆማሉ እንጂ ዳር ድረስ አይጠጉም፤ መንገደኛውን የሚያወርዱት በመርከቡ ጎን ተሰቅለው የሚታዩት፣ በአደጋ ጊዜ ሰው እንዲያተርፉ የተዘጋጁት ጀልባዎች ናቸው።

በዋዜማው በክፍላችን በር ሥር የገባው ወረቀት፣ በራሱ የሚሄድ ተሳፋሪ ጠዋት በአንዱ አዳራሽ ተገኝቶ የተራ ቁጥር እንዲወስድ ያዝዛል። መርከቡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቆመ፤ እኛ 1፡15 ላይ ደርሰን 14 ቁጥር ተሰጠን። የመርከቡን አስጎብኚ የገዙት ከሁሉ ቀድመው እንደሚወርዱ ግን ወረቀቱ አልተናገረም፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተቀመጥን። በደብረ ብርሃን መናኸሪያ የመሐል ሜዳ አውቶቡስ ረዳት ስንት ሰው እንደጎደለው ቢያንስ እየጮኸ ይነግርሃል። እዚህ ለስላሳ ሙዚቃ እንጂ ተራው የማን እንደሆነ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ጀልባዋ ላይ የሚሠሩትን መርከበኞች ግን ማመስገን ይገባኛል። ከመርከቡ የታችኛው በር ወደ ጀልባዋ የሚደረገው እርምጃ አንድ ክንድ የማይሞላ ቢሆንም፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጋት ልብ ያርዳል። እናቴ የመንዝን ገደል በበቅሎ ስትወጣና ስትወርድ የኖረች ሴት ናት፤ እዚያ ደፍ ላይ ግን እግሯ አልታዘዝ አላት። «በቅሎ እንኳ ለሚወጣባት ትቆማለች፤ ይኼ ምን ዓይነቱ ነው?» አለችኝ። ሁለት መርከበኞች መዳፏን ሳይሆን ክንዷን ከግራና ከቀኝ ያዙ፤ እርጥብ መዳፍ ያዳልጣል፣ ክንድ ግን አያመልጥም። ሳይገፉና ሳያጣድፉ ጀልባዋ ከደፉ ጋር እስክትስተካከል ጠብቀው አሻገሯት። ምርኩዟንም ነጠላዋንም እኔ ይዤላት ነበር፤ አረጋዊ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለቱንም እጆቻቸውን ባዶ ያድርግላቸው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አንዲት ተሳፋሪ ግን እንዲሻገሩ አልተፈቀደላቸውም። ክልከላው ለደኅንነት መሆኑ ይገባኛል፤ ይህን በሩ ላይ ሳይሆን ትኬቱ ሲሸጥላቸው ሊነግሯቸው ይገባ ነበር።

በባሕሩ ላይ የቆየነው አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ስለ ሰዓት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ በበጋቸው የግሪክ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ ማስተካከል አያስፈልግም፣ አቆጣጠሩ ግን በስድስት ሰዓት ይለያል። ወረቀቱ የመጨረሻዋ ጀልባ 11፡30 እንደምትነሳ ሲናገር እናቴ «እንግዲያ እስከ ማታ አለን» ብላ ደስ አላት፤ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5፡30 መሆኑን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ከእንግዲህ የቀረን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

ከወደቡ በታክሲ ወጣን። ዋሻው በወደቡና በተራራው ራስ ላይ ባለችው በሖራ ከተማ መካከል ይገኛል፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በደረጃ ወደ ታች ወርዶ ነው። እንደ መለከት ያለው ድምፅ እንደወጣበት የሚነገርለትን፣ በሦስት የተሰነጠቀውን የጣሪያ ዐለት እናቴ ቀና ብላ ስታየው ከነድካሟ ዝም አለች። ከአስጎብኚዎቹ ጋር የመጣው ሕዝብ ከኋላችን ስለተሰለፈ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየንም። እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተውን የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ከነቅጥሩ ከሩቅ አየነው እንጂ አልደረስንበትም፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሥራ ያሳለፍነው ጊዜ ለእርሱ በበቃ ነበር። በመመለሻው ሰልፍ ላይ ፀሐዩ ቢከብድም ቀዝቃዛ ውሃ ታድሎናል፤ ካርድ ማሳየቱና ቦርሳ ማስፈተሹም ፈጣን ነበር።

ስለት ኖሮት የሚሄድ ሰው ይህንንም አውቆ ይግዛ፤ በሐምሌና በነሐሴ በኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነሳው ሜልተሚ የተባለ ነፋስ ከበረታ፣ ካፒቴኑ ማውረዱን ሊሰርዝ ይችላል። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ የሚነሳው መደበኛ የመንገደኛ መርከብ ግን ስካላ ላይ ከወደቡ ዳር ተጠግቶ ስለሚያወርድ፣ ጀልባም የተራ ቁጥርም አያስፈልገውም። እህቴ ለከርሞ በእርሱ ሄደን ደሴቲቱ ላይ እንድናድር እያሰበች ነው፤ እናቴም መዋኛ የሌለው መርከብ ከሆነ ይሻላል ብላለች።