የቡድን መኖሪያ ወይስ ከድጋፍ ጋር የግል ቤት?

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ከማቆያ ተቋም ወይም ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ በማኅበረሰቡ መካከል ለመኖር ሲዘጋጅ፣ ቤተሰብ በሁለት አማራጮች መካከል ያመነታል፦ ነዋሪዎች አንድ ቤትንና ሠራተኞችን በሚጋሩበት የቡድን መኖሪያ፣ ወይም ሰውየው በራሱ ቤት እየኖረ ደጋፊ እየመጣ በሚያግዝበት የግል ቤት። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 19፣ የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ ዕድል ለባለጉዳዩ ስለሚሰጥ፣ ንጽጽሩ ከእርሱ ፍላጎት መነሣት ይገባዋል።

ወጪ፦ በቡድን መኖሪያ ነዋሪዎቹ ኪራይንና የሠራተኛ ደመወዝን ይጋራሉ። በግል ቤት ወጪው የሚወሰነው በድጋፉ ሰዓት ብዛት ነው።

ነጻነት፦ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ይህን ነው። በቡድን መኖሪያ የምግብና የመኝታ ሰዓት፣ አብሮ የሚኖረው ሰው ጭምር፣ ብዙ ጊዜ በአስተዳዳሪው ይወሰናል፤ ቤቱንም ድጋፉንም የሚሰጠው አንድ አካል ሲሆን ደግሞ፣ በአገልግሎቱ ቅር የተሰኘ ነዋሪ መጠለያውን እንዳያጣ ፈርቶ ዝም ሊል ይችላል። የኪራይ ውሉ በራሱ ስም የሆነ ሰው ግን ቤቱን ሳይለቅ ደጋፊውን መቀየር ይችላል፤ በውሳኔ ላይ እገዛ ቢያስፈልገውም፣ በሩን ለማን እንደሚከፍት የሚወስነው እርሱ ነው።

ስጋት፦ በግል ቤት ብቸኝነትና በሌሎች መበዝበዝ ያሰጋሉ። በቡድን መኖሪያ በነዋሪዎች መካከል ግጭት ሊነሣ፣ የሠራተኛ መቀያየርም ሊያውክ ይችላል።

ሌሊቱን ሙሉ ክትትል ለሚሻና ከሰው ጋር መዋል ለሚወድ፣ ነዋሪዎቹ ጥቂት የሆኑበት የቡድን መኖሪያ ይስማማል። የራሱን ጊዜ ማቀድ ለሚፈልግ፣ ድምፅ ለሚረብሸው ወይም በአቅራቢያው የሚያውቃቸው ሰዎች ላሉት የግል ቤት ይሻላል፤ ከባድ ድጋፍ ማስፈለጉ ብቻውን ይህን አማራጭ አይዘጋውም።